ለቤት የሚሆን ኮምፒዩተር አመራረጥ

ኮምፒዩተር የተሰጠውን መረጃ ተቀብሎ፣ በታዘዘው መሠረት አስልቶና አቀናብሮ ውጤቱን የሚያቀርብ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በመጀመሪያ የመንግሥታትና የታላላቅ ድርጅቶች ሀብት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ለሕዝብ ይፋ የሆነው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር ወደ 27 ሺህ ኪሎ ግራም ይመዝን ስለነበር ማስቀመጫው አዳራሽ የሚያህል ክፍል ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን የመሣሪያው ክፍሎች እያነሱ፣ ዋጋውም እየቀነሰ በመሄዱ ኮምፒዩተር ከአዳራሽ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛም ወደ ጭን ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1981 አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዓመት ኦስቦርን 1 የተባለ፣ እንደ ሻንጣ ተዘግቶ የሚያዝ ኮምፒዩተርም ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። ይሁን እንጂ ክብደቱ 11 ኪሎ ግራም ያህል ከመሆኑም በላይ አብሮት የተሠራ ባትሪ አልነበረውም።

ዛሬ ለቤት አገልግሎት የሚውሉት ኮምፒዩተሮች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዴስክቶፕ ወይም የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ዋናው ሣጥን፣ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና ማውሱ እየራሳቸው ሆነው በሽቦ ይያያዛሉ። ሁለተኛው ላፕቶፕ ነው። በላፕቶፕ እነዚህ ሁሉ ከነባትሪያቸው እንደ መጽሐፍ በሚከፈትና በሚዘጋ አንድ አካል ውስጥ ተጠቃለዋል። ሁለቱም የሚሠሩት ሥራ በመሠረቱ አንድ ነው። በአማርኛ ፊደል መጻፍ፣ ሒሳብ ማስላት፣ መጻሕፍትን ማንበብ በሁለቱም ይቻላል። ታዲያ የምርጫው ችግር ምን ላይ ነው? መልሱ የሚገኘው ከመሣሪያው ይልቅ መሣሪያው በሚገባበት ቤት ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው የመጀመሪያው ልዩነት የኃይል ምንጫቸው ነው። ዴስክቶፕ የሚሠራው ከሶኬት በሚያገኘው ኃይል ብቻ ስለሆነ መብራት ሲቋረጥ ወዲያውኑ ይዘጋል። በሥራ ላይ ያለ ጽሑፍ የሚቀመጠው ራም በተባለው ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ሲሆን፣ ይህ ማኅደር ኃይል ሲያጣ የያዘውን ሁሉ ይለቃል። በመሆኑም አንድ ተማሪ ሌሊቱን የጻፈው ድርሰት በአንድ ቅጽበት ሊጠፋበት ይችላል። ይህን ለመከላከል ዩፒኤስ የተባለ ኃይል አጠራቃሚ ይገዛል፤ የአብዛኛው ዩፒኤስ ጥቅም ግን ሥራን አስቀምጦ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው። ላፕቶፕ በአንጻሩ መብራት ሲጠፋ ሳያቋርጥ ወደ ባትሪው ይሸጋገራል። ለምሳሌ ያህል 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ በሰዓት 10 ዋት ሰዓት ብቻ ቢጠቀም 5 ሰዓት ይሠራል፤ ከባድ ሥራ ተሰጥቶት 25 ዋት ሰዓት ቢጠቀም ግን የሚቆየው 2 ሰዓት ብቻ ነው።

የሚፈጁት የኤሌክትሪክ መጠንም ይለያያል። አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 120 ዋት፣ አንድ ላፕቶፕ ደግሞ 40 ዋት ይወስዳሉ እንበል። ሁለቱም በቀን 4 ሰዓት ቢሠሩ በ30 ቀን ዴስክቶፑ 14.4 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ላፕቶፑ 4.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ይህ ልዩነት በተለይ የፀሐይ ኃይል ለሚጠቀም ቤት ከፍተኛ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት በጥገና ረገድ የሚታይ ነው። የዴስክቶፕ ክፍሎች የተለያዩ በመሆናቸው የተበላሸው ብቻ ተፈትቶ ይለወጣል። ኪቦርዱ ላይ ቡና ቢፈስስ ሌላ ኪቦርድ ይገዛል እንጂ ኮምፒዩተሩ አይጣልም። የማስታወስ ችሎታው ቢያንስም ተጨማሪ ራም መግዛት ይቻላል። በላፕቶፕ ግን ክፍሎቹ ተጠጋግተው የተሠሩ በመሆናቸው፣ በአንዳንዶቹም ራሙ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየደ በመሆኑ፣ ጥገናው ከባድና ውድ ነው። በኪቦርዱ ላይ የፈሰሰው ቡና ከሥሩ ወዳለው ሰሌዳ ዘልቆ መሣሪያውን በሙሉ ሊያጠፋው ይችላል። ባትሪውም በተደጋጋሚ ከመሞላቱ የተነሣ ከዓመት ወደ ዓመት ጉልበቱ ይቀንሳል። በተመሳሳይ ዋጋ ከተገዙ ሁለት አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ብዙውን ጊዜ በፍጥነትና በችሎታ የሚበልጠው ዴስክቶፕ የሚሆነውም ሁሉን ነገር አጠጋግቶና አቅልሎ መሥራት ራሱን የቻለ ወጪ ስላለው ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ጤና ነው። የዴስክቶፕ ስክሪን ከዓይን ትይዩ፣ ኪቦርዱ ደግሞ ከክንድ ትይዩ ሊቀመጥ ይችላል። የላፕቶፕ ስክሪንና ኪቦርድ ግን የተያያዙ ስለሆኑ፣ ለረጅም ሰዓት የሚጠቀምበት ሰው አንገቱን ለማቀርቀር ይገደዳል። ይህንንም ላፕቶፑን በመጻሕፍት ላይ ከፍ አድርጎ በማስቀመጥና ሌላ ኪቦርድ በማያያዝ ማቃለል ይቻላል።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ የባለቤትነት ነገር ነው። ዴስክቶፕ እንደ መሶብ የቤት ዕቃ ነው። ከስፍራው አይነሣም፤ ሁሉም በየተራው ቀርቦ ይገለገልበታል። ላፕቶፕ ግን በባሕርዩ የአንድ ሰው ዕቃ ወደ መሆን ያዘነብላል። ሦስት ልጆች ያሉት አንድ ቤተሰብ ለዓመታት ባጠራቀመው ገንዘብ ላፕቶፕ ገዛ እንበል። የመጀመሪያው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ላፕቶፑን ይዞት ይሄዳል፤ ታናናሾቹም ባዶ ጠረጴዛ ይታቀፋሉ። ልጁ በማደሪያው ያለ ኮምፒዩተር ለመማር ሊቸገር ይችላል፤ እቤት የቀሩትም እንደዚሁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት በመጀመሩ፣ ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ከጥያቄው ጋር ብቻ ሳይሆን ከመሣሪያውም ጋር ይታገላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ቤተሰብ ከመግዛቱ በፊት በጉዳዩ ላይ ተነጋግሮ መወሰን ይኖርበታል።

እንግዲህ ከላይ የተዘረዘሩትን ነጥቦች በማገናዘብ እንደሚከተለው መወሰን ይቻላል። መብራት እምብዛም በማይቋረጥበት አካባቢ ለሚኖር፣ ብዙ ልጆች ላሉትና በቅርብ ከቤት የሚወጣ ተማሪ ለሌለው ቤተሰብ ዴስክቶፕ ይመረጣል። መብራት በየጊዜው ለሚጠፋበት፣ በፀሐይ ኃይል ለሚጠቀም፣ ቤቱ ጠባብ ለሆነ ወይም ቤት በየጊዜው ለሚቀያይር ሰው ላፕቶፕ ይሻላል። ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚልክ ቤተሰብ ደግሞ ገንዘቡን ሁሉ በአንድ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ከማዋል ይልቅ፣ በዚያው ገንዘብ ያገለገለ ላፕቶፕና ያገለገለ ዴስክቶፕ ማግኘት ይችል እንደሆነ ገበያውን ቢያጠና መልካም ነው።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅሎ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በባትሪው ብቻ ማሠራት፣ የኪቦርዱን ፊደሎች አንድ በአንድ መሞከር፣ ስክሪኑን በነጭና በጥቁር ገጽ መመልከት ተገቢ ነው። ባትሪው ያበጠ ላፕቶፕ ለእሳት አደጋ ሊዳርግ ስለሚችል መግዛትም ሆነ መጠቀም አይገባም። በመጨረሻም፣ የትኛውም ዓይነት ቢገዛ፣ ዴስክቶፕ በኃይል መዋዠቅ ሊቃጠል፣ ላፕቶፕም ሊሰረቅ ስለሚችል የአስፈላጊ ሥራዎችን ቅጂ በፍላሽ ዲስክ ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ብዙ ሰዎች ወደ ሱቅ ገብተው መጀመሪያ የሚጠይቁት «የትኛው ኮምፒዩተር ይበልጣል?» ብለው ነው። መልስ የሚገኘው ግን ከቤት ሳይወጡ «ማን ይጠቀምበታል? የት ሆኖ? በምን ኃይል? ነገስ ከማን ጋር ይቀራል?» ብሎ በመጠየቅ ነው።