ስለ መኪና ዝናብ መጥረጊያና ስለ መስተዋት ቅባት አመራረጥ
ለአስመጪዎችና ለመለዋወጫ ነጋዴዎች የሚጠቅም ምክር

በመለዋወጫ መደብር ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል ዋጋቸው አነስተኛ፣ ኀላፊነታቸው ግን ከፍ ያለ ጥቂቶች ናቸው። ከነዚህም አንዱ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ነው። ሞተሩ የቱን ያህል ብርቱ፣ ፍሬኑም የቱን ያህል የታመነ ቢሆን፣ ሾፌሩ በፊቱ ያለውን መንገድ ካላየ ሁለቱም አያድኑትም። ይሁን እንጂ ይህ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚገዛውም የሚሸጠውም በዋጋው ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ገዢው በሐምሌ ዝናብ መካከል ይቸገራል፤ ነጋዴውም የተመለሰ ዕቃና የተበላሸ ስም ይተርፈዋል።

የስሕተቱ መነሻ አንድ ነው። መጥረጊያው ከብሎንና ከመፍቻ ጋር በአንድ መደርደሪያ ስለሚቀመጥ እንደ ብረታ ብረት ዕቃ ይቈጠራል። ነገር ግን ሥራውን የሚሠራው ብረቱ ሳይሆን በብረቱ ላይ የተያዘው ቀጭን ጎማ ነው። ጎማ ደግሞ ዕድሜ ያለው፣ ተቀምጦም የሚያረጅ ሸቀጥ ነው። ስለዚህ አስመጪው ሲያዝ፣ ባለመደብሩም ሲያስቀምጥና ሲሸጥ፣ እንደሚበላሽ ሸቀጥ ሊጠነቀቅለት ይገባል።

የዕቃው ታሪክ

የዚህን ዕቃ ጥቅም ንግዱ ዓለም ቶሎ አልተረዳውም ነበር። ሜሪ አንደርሰን የተባለች የአላባማ አሜሪካዊት፣ ከውስጥ ሆኖ በእጅ የሚንቀሳቀስ የመስተዋት መጥረጊያ ፈልስፋ እ.ኤ.አ. በ1903 የፈጠራ መብት ተሰጣት። መብቱን ልትሸጥለት የሞከረችው አንድ የካናዳ ድርጅት ግን ዕቃው የንግድ ዋጋ የለውም ሲል መለሰላት፤ የመብቱም ዘመን ጥቅም ሳታገኝበት አለፈ። ከዚያ በኋላ አውቶሞቢል በዓለም ሲበዛ መጥረጊያውም አብሮ ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1926 የጀርመኑ ቦሽ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ያለ መጥረጊያ ከፋብሪካ የሚወጣ የቤት መኪና የለም ለማለት ይቻላል።

ጎማውን የሚያስረጀው በጋው ነው

ብዙ ሰው መጥረጊያውን የሚጨርሰው የክረምቱ ሥራ ይመስለዋል። በአገራችን ግን ይልቁንም የሚጎዳው በጋው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በእንደዚህ ያለ ደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ይህ ጨረርና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን የተፈጥሮ ጎማን ያደርቁታል፣ ይሰነጥቁታል። ከዚህም በቀር መጥረጊያው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ብዙውን ጊዜ ሳይንቀሳቀስ በመስተዋቱ ላይ ተጋድሞ ስለሚቆይ፣ የጎማው ጠርዝ ወደ አንድ ወገን እንደ ተጣመመ ይቀራል። ሰኔ ገብቶ ሾፌሩ ማብሪያውን ሲጫን፣ በበጋው ያረጀው ጎማ ውሃውን በመጥረግ ፈንታ በመስተዋቱ ላይ ያዳርሰዋል።

አቧራውም ሌላው ጠላት ነው። በመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት ከመስተዋት ይልቅ ጠንካራ ስለ ሆነ፣ ውሃ ሳይረጭ በደረቁ መጥረግ መስተዋቱን መቧጨር ነው። ጎማው ተቀድዶ ብረቱ መስተዋቱን ሲነካ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። የጥቂት ብር መጥረጊያ ለመቆጠብ ሲባል ሾፌሮች ፓራብሬዛ የሚሉትን የፊት መስተዋት መለወጥ ግድ ይሆናል፤ የሁለቱንም ዋጋ የሚያውቅ ነጋዴ ልዩነቱን ለደንበኛው ለማስረዳት አይቸገርም።

ስለ ዓይነቶቹ

በገበያ ያሉት መጥረጊያዎች በአሠራራቸው ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ጎማውን በብዙ ነጥቦች ደግፈው የሚይዙ የብረት ቅስቶች ያሉት የቆየው ዓይነት ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አቧራና ጭቃ በመገጣጠሚያዎቹ ይገባና ያደርቃቸዋል። ሁለተኛው ቅስት የሌለው፣ በውስጡ የተወጠረ የብረት ዘንግ ያለው ጠፍጣፋ መጥረጊያ ነው። ይህኛው ግፊቱን በመላው ርዝመቱ ስለሚያዳርስና ነፋስ ስለማያነሣው ረዥምና ጎባጣ መስተዋት ላላቸው አዳዲስ መኪናዎች ይመረጣል። ሦስተኛው የቅስቱን አሠራር በፕላስቲክ ሽፋን የጋረደ፣ ሁለቱን ያዳቀለ ዓይነት ነው።

ጎማውም እንዲሁ ይለያያል። የተፈጥሮ ጎማ ልስላሴው መልካም ስለ ሆነ አጠራረጉ ያማረ ነው፤ ፀሐይን ግን አይችልም። ሰው ሠራሽ ጎማ ፀሐይንና ኦዞንን ይበልጥ ይቋቋማል። ሲሊኮን ከሁሉም ይልቅ ሙቀትንና ጨረርን ይችላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። መስተዋቱ በደንብ ካልጸዳም አንዳንድ ጊዜ እየዘለለ ይጮኻል። ደንበኛው መኪናውን ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የሚያቆም ከሆነ ለሲሊኮኑ የሚጨምረው ገንዘብ አይጎዳውም። ተራው ጎማ ግን ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ድረስ ብቻ እንደሚያገለግል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ርዝመትና መያዣ

የመመለስ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከርዝመትና ከመያዣው ነው። ርዝመቱ በኢንችና በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ በንግድ አቆጣጠር 16 ኢንች 400፣ 18 ኢንች 450፣ 20 ኢንች 500፣ 24 ኢንች 600፣ 26 ኢንች 650 ሚሊ ሜትር ተብሎ ይያዛል። በብዙ መኪናዎች የሾፌሩ ወገን ከሌላው ይረዝማል፤ ስለዚህ አንዱን ለክቶ ሁለቱን አንድ ዓይነት መሸጥ ስሕተት ነው። ከሚገባው በላይ የረዘመው ከጓደኛው ጋር ይጋጫል ወይም ከመስተዋቱ ዳር ይወጣል፤ ያጠረውም በሾፌሩ ዓይን ፊት ያልተጠረገ ቦታ ይተዋል።

በአገራችን መንገድ በብዛት የሚታዩት የጃፓን መኪናዎች አብዛኞቹ የመንጠቆ መያዣ ያላቸው ናቸው። ከጎን በሚገባ ዘንግ ወይም ተጭነው በሚለቁት ቁልፍ የሚያያዙ ሌሎችም አሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በመንገድ ላይ እየበዙ ነው። ከነዚህም ብዙዎቹ ጠፍጣፋውን መጥረጊያና የየራሳቸውን መያዣ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አስመጪው የመንጠቆውን ዓይነት ለነባሮቹ መኪናዎች ሳያጓድል፣ ለአዲሶቹ የሚስማማውን በልክ ቢጨምር ገበያው አያመልጠውም። ብዙ ማያያዣ በአንድ ካርቶን ያለው መጥረጊያ ለትንሽ መደብር ይጠቅማል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ማያያዣ ሳይነቃነቅ መግጠሙን በናሙና መፈተን ያስፈልጋል።

ስለ መስተዋት ቅባት

ውሃ አባራሪ ቅባት በመስተዋቱ ላይ ሲቀባ ዝናቡ እንደ ስስ ሽፋን አይዘረጋም፤ በእንሰት ቅጠል ላይ እንዳለ ውሃ እየተድቦለቦለ ይንከባለላል። ከነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ከሲሊኮን ወገን ናቸው፤ ለመቀባት ይቀላሉ፣ ነገር ግን በጥቂት ሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ መታደስ ይፈልጋሉ። ከፍሎሪን ውሑዶች የሚሠሩት ከመስተዋቱ ጋር ይበልጥ ስለሚጣበቁ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ነው።

ነጋዴው ለደንበኛው ሊያስረዳው የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። የተድቦለቦለውን ውሃ የሚያባርረው ነፋስ ስለ ሆነ፣ ቅባቱ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው መኪናው በሰዓት 60 ወይም 70 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ሲሄድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገድ ለሚመላለስ ሾፌር ይረዳዋል። በከተማ ውስጥ በዝግታ ለሚሄድ ግን ጠብታዎቹ በመስተዋቱ ላይ ይቀሩና በሌሊት የመጪውን መኪና መብራት ይበትኑበታል። ስለዚህ ቅባት ለመጥረጊያ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም፤ ምትክ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ደንበኛውን ለአደጋ ይዳርጋል።

ቅባቱ ከመቀባቱ አስቀድሞ መስተዋቱ ከዘይትና ከአሮጌ ቅባት በሚገባ መጽዳት አለበት። ባልጸዳ መስተዋት ላይ የተቀባ እንደ ሆነ መጥረጊያው ይዘልላል፣ ይጮኻል፤ ደንበኛውም ጥፋቱን በመጥረጊያው ያመካኛል። ናፍጣ ወይም ቤንዚን በነካው ጨርቅ መስተዋቱን መወልወል ጎማውን ስለሚጎዳ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

በመርጫ ዕቃ ውስጥ የሚጨመረውን ፈሳሽ በሚመለከትም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በረዶ ላለባቸው አገሮች የተዘጋጀው ፈሳሽ እንዳይረጋ ሲባል ብዙ ጊዜ ሜታኖል ይገባበታል። ሜታኖል ቢጠጣ ዓይን የሚያሳውር፣ የሚገድልም መርዝ ነው፤ በቀላሉም ይቀጣጠላል። አብዛኛው መንገዳችን በረዶ ስለማያውቅ፣ ይህን ማስመጣት ለማያስፈልግ ነገር ገንዘብ መክፈልና አደጋን በመጋዘን ማስቀመጥ ነው።

ስለ ትእዛዝና ስለ መጋዘን

የዚህ ዕቃ ገበያ በሰኔ ይነሣል። የባንኩ ሥራ፣ የባሕሩ ጉዞ፣ ከጅቡቲ የሚደረገው ማጓጓዝና የጉምሩኩ ፍተሻ ብዙ ሳምንታት እንደሚፈጁ የሚያውቅ አስመጪ ትእዛዙን በታኅሣሥ ወይም በጥር ይልካል፤ ዕቃው በሚያዝያ እንዲደርስለት ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነውና፣ በሐምሌ የታዘዘ መጥረጊያ የሚደርሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሙሉውን በጋ በመጋዘን ሲያረጅ ይከርማል። በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ ዕቃው የተሠራበት ወርና ዓመት በካርቶኑ እንዲታተም፣ አሮጌ ክምችትም እንዳይላክ በግልጽ መጻፍ ይገባል።

በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዝርዝር የመኪና ዝናብ መጥረጊያ በቁጥር 8512.40 ተመዝግቧል። ነገር ግን ያለ ሞተር ለብቻው የሚመጣው መጥረጊያ ወይም ጎማው ብቻ በሌላ ቁጥር ሊመደብ ስለሚችል፣ ዕቃው ሳይጫን አስቀድሞ ከጉምሩክ ማረጋገጥ ከቅጣትና ከመዘግየት ያድናል።

ዕቃው ከደረሰ በኋላ ቀዝቀዝ ባለና ፀሐይ በማይገባበት ስፍራ፣ ጠርዙ ሳይጫን ይቀመጥ። ገዢን ለመሳብ ሲባል በመደብሩ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተንጠለጠለ መጥረጊያ ሳይሸጥ ያረጃል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይሸጥ። ሻጩም ከካርቶኑ አውጥቶ የጎማውን ጠርዝ በጣቱ ይዳስሰው፤ ቀጥ ያለ፣ የሚለምጥ፣ ስንጥቅ የሌለበት መሆኑን ለደንበኛው ያሳየው። የመኪናው ክንድ ምንጩ ደክሞ ወይም ተጣሞ እንደ ሆነ አዲሱ መጥረጊያም እንደማይጠርግ አስቀድሞ ይንገረው።

በሰኔ መጀመሪያ የሚጥለው ዝናብ የበጋውን አቧራና ዘይት አሟሙቶ መስተዋቱን በጭቃ የሚጋርድ ነው። ሾፌሩ በዚያች ሰዓት በመንገዱ ላይ ሕፃን ሲሻገር ማየት አለማየቱ ከወራት በፊት በመደብሩ ጠረጴዛ ላይ በተደረገው ምርጫ ይወሰናል። ትኩስ የሆነውን፣ ልኩ የሆነውንና ለመኪናው የሚስማማውን መጥረጊያ የሚያቀርብ ነጋዴ በአንዱ ዕቃ የሚያገኘው ትርፍ ጥቂት ቢሆንም፣ ደንበኛው በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ወደ እርሱ ይመጣል።