የት ላይ ነው የሚታከከው?

ግቢያችን ውስጥ የነበረው ውሻ፣ ቡቺ፣ ሌሊቱን ሲታከክ ነበር የሚያድረው። የኋላ እግሩ የቆርቆሮውን በር ሲደበድብ ሰው ያንኳኳ እየመሰለን ስንቴ ከአልጋ ወርደናል። አንዱ ጎረቤት ላምባ ቀቡት አለን፤ ሌላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት። ዘይቱን ቀባነው። መታከኩ ባሰበት፤ ዘይቱን እየላሰም ሁለት ቀን አስታወከው። ሁላችንም መድኃኒት አዋቂ ነበርን፤ የት ላይ እንደሚታከክ ልብ ብሎ ያየ ግን አልነበረም።

የእንስሳት ሐኪም የሚጀምረው ከዚያ ነው። አለርጂ ሰውን ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑን ያስለቅሰዋል፤ በውሻና በድመት ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በቆዳ ነው። የሚታከኩበት ቦታም ስለ መንስኤው ብዙ ይናገራል።

ውሻው የሚነክሰው ወገቡን፣ የጅራቱን ሥርና የኋላ ጭኑን ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቁንጫ ነው። «የኔ ውሻ ቁንጫ የለበትም» የሚል ባለቤት ብዙ ነው። ነገር ግን ሰውነቱ የሚቆጣው በቁንጫዋ ምራቅ ስለሆነ መንጋ አያስፈልገውም፤ ጥቂት ንክሻ ለቀናት ያሳክከዋል። በቅማል ማበጠሪያ የጅራቱን ሥር አበጥሩና የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ሶፍት ላይ አራግፉት። አፈር ከሆነ እንደ አፈር ይቀራል። የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን ዙሪያውን ቀይ ቡናማ ቀለም ይለቃል፤ ቁንጫዋ የመጠጠችው የውሻው ደም ነውና።

ማጠብ ብቻውን አይበቃም። እንቁላሉ ከጸጉሩ እየረገፈ ውሻው የሚተኛበት ጆንያ ላይ ይፈለፈላል፤ እጩም ድር ፈትሎ ውስጡ ለወራት ሊሸሸግ ይችላል። ስለዚህ መኝታው በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ ግቢው ውስጥ ያሉት ውሾችና ድመቶች በሙሉ ባንድ ጊዜ የቁንጫ መድኃኒት ያገኛሉ፣ ሕክምናውም ለወራት ይቀጥላል። ፐርሜትሪን ያለበትን የውሻ መድኃኒት ግን ድመት ላይ እንዳታደርጉ። ሰውነቷ ሊያስወግደው ስለማይችል ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል።

የእግሩን ጣቶች መሃል የሚልስ፣ ፊቱን ምንጣፍ ላይ የሚያሽ፣ ብብቱና ሆዱ የሚቀላ፣ ጆሮው ዳነ ሲባል ደግሞ የሚያመረቅዝ ውሻ ሌላ ታሪክ አለው። መንስኤው የቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተባዮች፣ የሣርና የዛፍ አበባ ብናኝ ወይም ሻጋታ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ነጭ ውሻ ከሆነ ማስረጃው መዳፉ ላይ ነው፤ ምራቁ ጸጉሩን እንደ ዝገት ያቀልመዋል።

ምግብም ይህንኑ ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ ለዚህ ነው የሚያስቸግረው። ሰው የሚጠረጥረው አዲሱን ምግብ ነው፤ ሰውነቱ የሚቆጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለረጅም ጊዜ ሲበላው በኖረው ነው። በውሻ ላይ ስማቸው የሚነሳው የበሬ ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ዶሮና ስንዴ፣ በድመት ላይ ደግሞ የበሬ ሥጋ፣ ዓሣና ዶሮ ናቸው። የሉካንዳ ትራፊ ሲበላ ያደገ ውሻ እንግዲህ ከዝርዝሩ አይርቅም። የደም ምርመራ እዚህ ላይ አይታመንም። የሚታመነው ቀምሶት የማያውቀውን አንድ ሥጋና አንድ አብሮት የሚሄድ ምግብ፣ ለምሳሌ እሾሁ የወጣለት የተቀቀለ ዓሣና ድንች፣ እነሱን ብቻ ለስምንት ሳምንት መስጠት፣ ከዚያ የድሮውን መልሶ ማየት ነው። ስምንት ሳምንት 56 ቀን ነው፤ ከሁዳዴ በአንድ ቀን ይበልጣል። ጿሚ ቤት ከሆነ ሙከራውን ከጾሙ ጋር መጀመር የኔ ምክር ነው፤ ከገበታው የሚወድቅ የሥጋ ፍርፋሪ አይኖርማ። ዘበኛው የሚወረውራት አንዲት አጥንት ቆጠራውን ከዜሮ ታስጀምረዋለች።

ድመት ተደብቃ ነው የምትታመመው። ስትልስ የሚያያት ሰው ንጽሕናዋን ያደንቃል፤ ሆዷ ግን ተመልጧል። አንገቷንና ጀርባዋን በጣታችሁ ዳብሱ፤ ከጸጉሩ ሥር እንደ ዳጉሳ ፍሬ የሚሻክሩ ቅርፊቶች ካሉ አለርጂ አንዱ ተጠርጣሪ ነው።

ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎን ሊያዝ ይችላል፤ ርካሽና ፈጣን ነው፣ ሲሰነብት ግን ውሃ ያስጠማል፣ ያስርባል፣ ሌላም ጉዳት አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለውሻ የተፈቀደው አፖክዌል የማሳከክ መልእክቱን መንገድ ላይ ይዘጋል። ከዚህ ሁሉ በፊት እከክ አለመሆኑ ይጣራ፤ ባለቤቱንም የሚያሳክከው ከሆነ እከክ የመሆኑ ነገር ይጠነክራል። የሰው መድኃኒት በራሳችሁ አትስጡ፤ ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ንብ ነድፋው ፊቱ ያበጠና መተንፈስ ያቃተው ውሻ ደግሞ ለነገ አይባልም።

የቡቺ ሶፍት ቀይ ሆነ። ጆንያውን አቃጠልነው፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ሌሊቱ ጸጥ አለ። ልማድ ሆኖብን ግን በሩ ሲደበደብ «ቡቺ ነው» ብለን መተኛታችንን ቀጠልን፤ ከክፍለ ሀገር የመጣች አክስቴ ግማሽ ሰዓት ውጭ ቆማለች።