ሕዝብ ግንኙነት፦ ተረቱና እውነታው

በየዓመቱ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተማሪዎች ከትምህርት ክፍላቸው የትብብር ደብዳቤ አስጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው ወደ መሥሪያ ቤቶች ይሄዳሉ። ሙያውን በዓይናቸው ሊያዩ ነው። ብዙዎቹ ግን አዳራሹን፣ ባነሩንና ካሜራውን አይተው፣ ይዘውት የሄዱት ግምት ሳይነካ ይመለሳሉ። ከእነዚህ ግምቶች ሥር የሰደዱትን ማንሳት ያስፈልጋል።

«አንደበተ ርቱዕ ለሆነ ሰው የተፈጠረ ሥራ ነው።» ንግግር መቻል ይረዳል። ሆኖም ደህና ባለሙያ ከሚናገረው ይልቅ የሚያነበውና የሚያዳምጠው ይበልጣል። ጠዋት ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ስለ መሥሪያ ቤቱ ምን እንደተባለ ነው፤ ጋዜጣው፣ ሬዲዮው፣ በፌስቡክና በቴሌግራም የተጻፈው አስተያየት። ያንን አጠናቅሮ ለኃላፊው ያቀርባል። ደንበኛ የተማረረበትን ጉዳይ ሳያለሳልሱ ለአለቃ መንገር ከሥራው ሁሉ ይከብዳል። መግለጫ መጻፍም ቢሆን ብዕር ማሳመር ብቻ አይበቃውም። አንድ ገጽ ለማትሞላ ጽሑፍ የበጀቱ አሃዝ ከፋይናንስ፣ የግንባታው ደረጃ ከመሐንዲሶቹ መረጋገጥ አለበት፤ ሁለቱ ክፍሎች የተለያየ ቁጥር ከሰጡ ደግሞ ስልኩ እንደገና ይደወላል፣ ረቂቁ እንደገና ይሰረዛል። ተማሪው ሊያየው የሚገባው ይህንን ስልክ ነው።

«ሥራው ጥፋት መሸፋፈን ነው።» ይህ ከሁሉም የከፋው ግምት ነው፤ እንዲያ የሚሠሩ ቢሮዎች ስላሉም ሰው ቢያምነው አይፈረድበትም። የሙያው ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካ ውስጥ አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ ባቡር ከድልድይ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የባቡር ኩባንያዎች በዚያ ዘመን አደጋ ሲደርስ ጋዜጠኛ ማራቅ ልማዳቸው ነበር። የፔንሲልቬንያ ባቡር ኩባንያ አማካሪ የነበረው አይቪ ሊ ግን ኩባንያው ራሱ የተፈጠረውን በጽሑፍ እንዲያወጣና ዘጋቢዎችን ወደ ስፍራው እንዲጋብዝ አደረገ። ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ የመጀመሪያው የጋዜጣ መግለጫ ተደርጎ ይጠቀሳል።

ከእኛው ቤት ደግሞ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. አለ። ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አየር መንገዱ በዚያው ዕለት ባወጣው የመጀመሪያ መግለጫ አደጋው መድረሱንና በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች ቁጥር ገለጸ፤ የፍለጋና የነፍስ አድን ሥራ እየተካሄደ መሆኑን ተናገረ፤ ስለተረፈም ሆነ ስለተጎዳ ሰው ገና የተረጋገጠ መረጃ እንደሌለው በግልጽ አስቀመጠ፤ ቤተሰቦች የሚጠይቁበት የመረጃ ማዕከል እንደሚቋቋምም አስታወቀ። ልጁን ወይም እናቱን የሚፈልግ ሰው ያን መግለጫ እያነበበ ነበር። የታወቀውን ካልታወቀው ለይቶ መጻፍ በዚያች ሰዓት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ምን ያህልም እንደሚያስፈልግ፣ በክፍል ውስጥ ብቻ የሚገባ ነገር አይደለም።

«መረጃ መስጠትም መከልከልም የሕዝብ ግንኙነቱ ፈቃድ ነው።» ስህተት ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ከከለከለም ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። ቅር የተሰኘ ሰው አቤቱታውን እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም ማድረስ ይችላል። ጠያቂው የግድ ጋዜጠኛ መሆን የለበትም። ይህን አዋጅ ሳያነብ ወደ ልምምድ የሚሄድ ተማሪ መኖር የለበትም ብዬ አምናለሁ።

«ሥራው ያለው መንግሥት ቤት ብቻ ነው» የሚለው ረጅም ሐተታ አያሻውም። ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የማስታወቂያ ድርጅቶች ሁሉ ባለሙያ ይቀጥራሉ፤ የዕለት ሥራቸውም ይለያያል። ስለዚህ ሁለት ቦታ ከማየት በፊት «ይህ ሙያ አይሆነኝም» ማለት ችኮላ ነው።

ለጉብኝት የምትሄዱ ተማሪዎች፣ የምረቃ ወይም የበዓል ዝግጅት ያለበትን ቀን አትምረጡ፤ ተራ የሥራ ቀን ጠይቁ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ያለ ቀጠሮ ወደ ዋና ኃላፊው መግባት ይችል እንደሆነ ጠይቁ፤ ውሳኔ ሲወሰን አብሮ ይቀመጣል ወይስ ካለቀ በኋላ «ጻፍ» ይባላል? መልሱ ስለዚያ ቢሮ ብዙ ይነግራችኋል። እናንተ ኃላፊዎችም ተማሪ ሲመጣ ብሮሹር ሰጥታችሁ አትሸኙት። ወንበር ስጡት፣ ረቂቅ አስነብቡት፣ ስልኩ ሲደወል አጠገባችሁ ይቀመጥ።