ጉልቻው ሲለወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል፤ ነገር ግን እንደ ዱከም ባሉ ከተሞች፣ ብዙ እማወራዎች በአንድ ማእድ ቤት እየተፈራረቁ እንጀራ በሚጋግሩበት ስፍራ፣ የምድጃ ምርጫ ዓይንንና ሳንባን፣ ኪስንና ደንን የሚመለከት ዐቢይ ጉዳይ ነው።

በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ ነበልባሉን ለነፋስ ስለሚበትን፣ ጋጋሪዋ አክንባሎውን ባነሣች ቁጥር ከእንፋሎቱ ጋር ጢሱንም ትቀበላለች። በ1980ዎቹ በአገራችን የተሠራው «ምርጥ» የተሰኘው ምድጃ ግን፣ ከሲሚንቶና በስምጥ ሸለቆ ከሚገኘው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚቀረጽ ሆኖ፣ እሳቱን ከምጣዱ ሥር አቅፎ ስለሚይዝ፣ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ጢስ አልባ ቢሆንም 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባልና፣ መብራት በጠፋ ዕለት ሊጡ ኮምጥጦ እንዳይቀር፣ አስተዋይ የጋጋሪዎች ማኅበር «ምርጥ» ምድጃንና የኤሌክትሪክ ምጣድን አጣምሮ፣ የጢስ መውጫም አብጅቶ ይገለገላል።