አንግሪ ቪዲዮ ጌም ነርድ

አንግሪ ቪዲዮ ጌም ነርድ የድሮ ቪዲዮ ጌሞችን፣ በተለይም መጥፎ የሚባሉትን፣ በቀልድና በቁጣ የሚገመግም የአሜሪካ የኢንተርኔት ተከታታይ ቪዲዮ ነው። ስሙ በአማርኛ «ቁጡው የጌም ነርድ» እንደ ማለት ነው። «ነርድ» በእንግሊዝኛ የዕለት ተዕለት ንግግር፣ ሌላው ሰው ከቁም ነገር በማይቆጥረው ጉዳይ ላይ ልቡን ጥሎ የሚውልን ሰው ይገልጻል፤ ግማሹ ስድብ ግማሹ ሙገሳ ነው። የተከታታዩ ፈጣሪና ዋና ተዋናይ ጄምስ ሮልፍ ይባላል። የመጀመሪያው ክፍል የተሠራው በ2004 ሲሆን ከዚያ ወዲህ ከ200 በላይ ክፍሎች ወጥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ጌም እየተጫወቱ ሰው ማሳቅ ዛሬ በዩቲዩብ ላይ ራሱን የቻለ መተዳደሪያ ሆኗል። ሮልፍ የመጀመሪያውን ክፍል ሲሠራ ግን ዩቲዩብ ራሱ ገና አልተፈጠረም ነበር።

አጀማመር

ጄምስ ሮልፍ በጁላይ 10 ቀን 1980 በኒው ጀርሲ ግዛት ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው የፊልም ሠሪነትን ሙያ እንጂ የጌም ገምጋሚነትን አልነበረም። በተለይ የአስፈሪ ፊልሞች ወዳጅ ሲሆን፣ በቤት ካሜራ ጓደኞቹን እያሠለፈ አጫጭር ፊልሞችን ይሠራ ነበር። በኋላም ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ በነበረው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ አርትስ ተምሯል። ሥራዎቹን የሚያወጣበትን ስም «ሲኔማሳከር» ብሎታል፤ ይህም «ሲኒማ» እና «ጭፍጨፋ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ያጋጠመ ነው።

በሜይ 2004 ለጨዋታ ያህል አንድ አጭር ቪዲዮ ሠራ። በልጅነቱ ተጫውቶ ያናደደውን «ካስልቫኒያ 2፡ ሳይመንስ ኩዌስት» የተባለ ጌም እያሳየ ጉድለቶቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ንዴቱም እየጨመረ ይሄዳል። ቀጥሎ «ዶክተር ጄኪል ኤንድ ሚስተር ሃይድ» በተባለው ጌም ላይ ሌላ ቪዲዮ አከለ። ሁለቱም ለጓደኞቹ መሳቂያ እንዲሆኑ የታሰቡ ስለነበሩ ለሁለት ዓመት ያህል ከቅርብ ሰዎች ውጪ ብዙ ተመልካች አላገኙም። በ2006 ጓደኛው ማይክ ማቴይ ቪዲዮዎቹ ዩቲዩብ ላይ እንዲጫኑ ገፋፋው፤ ከዚያ በኋላ ተመልካቹ በፍጥነት በዛ።

ተከታታዩ በመጀመሪያ «አንግሪ ኒንቴንዶ ነርድ» ይባል ነበር። ኒንቴንዶ የተመዘገበ የንግድ ስም በመሆኑ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችልና ሮልፍም የሌሎች ኩባንያዎችን ጌሞች መገምገም ስለፈለገ አሁን ባለው ስም ተተካ። ከ2007 ጀምሮ ጌምትሬለርስ በተባለው ድረ ገጽ መታየት ሲጀምር፣ ለመሳቂያ የተጀመረው ነገር የሮልፍ መደበኛ ሥራ ሆነ።

ገጸ ባሕርዩና አሠራሩ

ነርዱ መነጽር ያደርጋል፤ የነጭ ሸሚዙ ኪስ በእስክሪብቶዎች የተሞላ ነው። የሚቀመጠው መደርደሪያው ሁሉ በጌም በታጨቀ ክፍል ውስጥ ነው። ጌሙን አውጥቶ ማሽኑ ውስጥ ይከተዋል፣ ይጫወታል፣ ይሸነፋል፣ ቢራ ይጠጣል፣ ይሳደባል። ስድቡ ረጅምና የተቀጣጠለ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ጌሙን ከመጫወት ይልቅ ሊያደርገው የሚመርጠውን አንድ አስጸያፊ ነገር በዝርዝር እስከ መግለጽ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ተከታታዩ ለሕፃናት የሚሆን አይደለም። የመግቢያ ዘፈኑን የሠራው ጊታሪስቱ ካይል ጀስቲን ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዳንድ ክፍሎች ላይ ከሶፋው ጀርባ ብቅ እያለ ሲዘፍን ይታያል።

ቁጣው ትወና ነው። ሮልፍ ከገጸ ባሕርዩ ወጥቶ ሲናገር ዝግ ያለና ጭምት ሰው ነው። ነርዱ የሚጠቅሳቸው ስህተቶች ግን የፈጠራ አይደሉም። ስድቡ ከመምጣቱ በፊት ተመልካቹ ስህተቱን በስክሪኑ ላይ በዓይኑ ያየዋል፤ በርካታ ክፍሎች ከሃያ ዓመት በኋላም የሚታዩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለቱ የመጀመሪያ ጌሞች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በሳይመንስ ኩዌስት ውስጥ ቀኑ ወደ ሌሊት በተለወጠ ቁጥር ጨዋታው ይቆምና አንድ የጽሑፍ መልእክት ፊደል በፊደል እየተንቀረፈፈ ይወጣል፤ ሲነጋም እንዲሁ። በየከተማው የሚገኙት ሰዎች ለተጫዋቹ ፍንጭ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ሆን ብለው ያሳስታሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከጃፓንኛ ሲተረጎሙ ትርጉማቸው ጠፍቷል። ጨዋታው አንድ ቦታ ላይ ወደፊት የሚቀጥለው ተጫዋቹ ቀይ ክሪስታል ይዞ ገደል ሥር ተንበርክኮ ጥቂት ሲጠብቅ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ አውሎ ነፋስ መጥቶ ይወስደዋል። ይህን አንድ ልጅ በራሱ እንዴት ሊደርስበት እንደሚችል ለመገመት ያስቸግራል።

ዶክተር ጄኪል ደግሞ ይብሳል። ዶክተሩ ወደ ሠርጉ በመሄድ ላይ ሳለ ሰውም እንስሳውም ይተናኮለዋል፤ በእጁ ያለው ከዘራ ግን አብዛኞቹን ጠላቶች ምንም አያደርጋቸውም። ንዴቱ ሲሞላ ወደ ጭራቁ ሃይድ ይለወጣል። ሃይድ ሆኖ ከዶክተሩ አልፎ ከሄደ መብረቅ ወርዶ ይገድለዋል። ማለትም በጨዋታው ወደፊት መሄድ የሚያስቀጣበት ጊዜ አለ።

ጌሞቹ ለምን እንዲህ ሆኑ

ነርዱ በብዛት የሚገመግመው ኤንኢኤስ በተባለው፣ ኒንቴንዶ በ1985 በአሜሪካ መሸጥ በጀመረው ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የጌም ማሽን ላይ የወጡ ጌሞችን ነው። ጌሞቹ በፕላስቲክ ካሴት (ካርትሪጅ) ውስጥ ሆነው ለየብቻ ይሸጣሉ። የአንዱ ዋጋ እስከ 50 ዶላር ይደርስ ነበር፤ ለብዙ ልጆች ይህ በልደት ወይም በገና ብቻ የሚገኝ ስጦታ ነው። ቀድሞ አይቶ ለመምረጥ ዛሬ እንዳለው ያለ ቪዲዮ አልነበረም። ልጁ የሚያየው የካሴቱን ሣጥን፣ በሣጥኑ ላይም የሚወደውን ፊልም ሥዕል ነው። የነርዱ ንዴት መነሻ ይህ ነው፤ ያ ልጅ አድጎ ደረሰኙን ይዞ የመጣ ያህል ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሚረግመው ስም ኤልጄኤን ነው። ይህ በ1970 የተቋቋመ የአሜሪካ የአሻንጉሊት ኩባንያ ሲሆን፣ የታወቁ ፊልሞችን ስም የመጠቀም ፈቃድ እየገዛ በዚያ ስም ዕቃ ይሸጥ ነበር። ጌም ሲመጣም ያንኑ አሠራር ቀጠለ። «ዘ ካራቴ ኪድ»፣ «ጆውስ»፣ «ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ» እና «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» በኤልጄኤን አርማ የወጡ ጌሞች ናቸው። ባክ ቱ ዘ ፊውቸር በጊዜ ስለሚጓዝ መኪና የሚያወሳ ፊልም ነው፤ ጌሙ ግን በአብዛኛው አንድ ልጅ መንገድ ለመንገድ እየሮጠ ሰዓት የሚለቅምበት ነው።

እዚህ ላይ ነርዱ ከሚለው ትንሽ ወጣ ማለት ያስፈልጋል። ኤልጄኤን ጌሞቹን አሳተመ እንጂ ራሱ አልሠራቸውም። የካራቴ ኪድን ጌም የሠራው የጃፓኑ አትለስ፣ የባክ ቱ ዘ ፊውቸርን ደግሞ የአውስትራሊያው ቢም ሶፍትዌር ነው። የእንግሊዙ ሬር ኩባንያም፣ በኋላ በጥሩ ጌሞቹ የተመሰገነው ራሱ፣ ለኤልጄኤን ሠርቷል። ስለዚህ በሣጥኑ ላይ ያለው አርማ ጌሙን ማን እንደሠራው አይናገርም ነበር። ስሙ ራሱ ያን ያህል ገዢ የሚስብ ከሆነ ለጌሙ ጥራት ብዙ መድከም ለሻጩ አስፈላጊ አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት የኒንቴንዶ ደንብ ነው። በ1983 የአሜሪካ የጌም ገበያ በተከመሩ ደካማ ጌሞች ምክንያት ክፉኛ ወድቆ ስለነበር፣ ኒንቴንዶ ያ እንዳይደገም ብሎ ለአንድ አሳታሚ በዓመት ከአምስት ጌም በላይ አልፈቅድም አለ። ፈቃድ የሌለው ካሴት ማሽኑ ላይ እንዳይሠራም የመቆለፊያ ቺፕ አስገባ፤ በሣጥኖቹ ላይ የጥራት ማኅተም ማተምም ጀመረ። ማኅተሙ ግን ጌሙ በፈቃድ መውጣቱን እንጂ አስደሳች መሆኑን አያረጋግጥም። ከአምስት በላይ ማውጣት የፈለጉ ኩባንያዎችም በሌላ ስም ገቡ። ኮናሚ ለዚህ ሲል «አልትራ ጌምስ» የሚል ስም ፈጠረ፤ ነርዱ በጣም ከተሠቃየባቸው ጌሞች አንዱ የሆነው «ቲንኤጅ ሚውታንት ኒንጃ ተርትልስ» የወጣው በዚህ ስም ነው። አክሌይም ደግሞ በ1990 ኤልጄኤንን ገዝቶ አርማውን ተጨማሪ ጌም ማውጫ አደረገው። ብዛትን ለመግታት የወጣው ደንብ የአሳታሚዎቹን ስም አበዛ።

ቁልፉን ሰብረው የገቡም ነበሩ። ዊዝደም ትሪ የተባለ ኩባንያ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ጌም አድርጎ ያለ ኒንቴንዶ ፈቃድ አወጣ፤ የሚሸጣቸውም በክርስቲያን መጻሕፍት መደብሮች ነበር። ነርዱ በእነዚህ ላይ ብዙ ክፍሎችን ሠርቷል። «ባይብል አድቬንቸርስ» በተባለው ጌም የኖኅ ታሪክ ውስጥ ተጫዋቹ እንስሳቱን በራሱ ላይ ተሸክሞ ወደ መርከቡ ያስገባል። በሙሴ ታሪክ ውስጥ ግን ያው አሠራር እንዳለ ስለተቀዳ፣ ከፈርዖን ወታደሮች ሊጠበቅ የሚገባውን ሕፃን አንሥቶ መወርወር ይቻላል። በሃይማኖቱ ላይ ሳይሆን በዚህ ዓይነቱ የሥራ ግድየለሽነት ላይ የተሣቀበት ነው።

ፊልሙ

የሮልፍ የልጅነት ምኞት ፊልም ስለነበር ገጸ ባሕርዩን ወደ ሲኒማ ለማውጣት ከተመልካቾች በኢንዲጎጎ በኩል ገንዘብ ሰበሰበ፤ የተገኘው ከ325,000 ዶላር በላይ ነው። እሱና ኬቨን ፊን በጋራ ያዘጋጁት ፊልም በጁላይ 21 ቀን 2014 ሆሊውድ በሚገኘው ኢጂፕሺያን ቲያትር ተመረቀ።

ታሪኩ የሚያጠነጥነው አታሪ በ1982 ባወጣው «ኢቲ» በተባለው ጌም ዙሪያ ነው። ጌሙን ሃዋርድ ስኮት ዋርሾው ለገና ገበያ እንዲደርስ በአምስት ሳምንት ያህል ብቻውን ፕሮግራም አድርጎታል። አልሸጥ ያሉት ካሴቶች በኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ አላሞጎርዶ ከተማ አጠገብ ተቀበሩ የሚል ወሬ ለሠላሳ ዓመት ሲናፈስ ኖሯል። ፊልሙ ተቀርጾ ሊመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በኤፕሪል 26 ቀን 2014፣ ሌላ ቡድን ቦታውን በቁፋሮ ከፈተውና ካሴቶቹን አገኘ፤ ከኢቲ ጋር ሌሎች የአታሪ ጌሞችም አብረው ተገኝተዋል።

ተመልካቾች ነርዱ ኢቲን እንዲገመግም ለዓመታት ሲጠይቁት ነበር፤ ግምገማውን የሚያገኙት በፊልሙ መጨረሻ ላይ ነው። እዚያም ጌሙ «ከሁሉ የከፋ» የሚለው ስም እንደማይገባው ይሟገታል። ዋርሾው ራሱ በፊልሙ ውስጥ ራሱን ሆኖ ይታያል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ሲሆን፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ለሚሆን ቪዲዮ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ያን ያህል መዘርጋቱን ያልወደዱለት ብዙ ናቸው።

ተጽዕኖና ትችት

ከነርዱ በኋላ በቁጣ የሚገመግም ገጸ ባሕርይ በኢንተርኔት ላይ በዝቷል። ዳግ ዎከር የሚሠራው «ኖስታልጂያ ክሪቲክ» የታወቀው ሲሆን፣ ሁለቱ በ2008 የቀልድ ጠብ ገጥመው በቪዲዮ ተዘላልፈዋል። በ2013 ነርዱ ራሱ የቪዲዮ ጌም ሆነ፤ ሆን ተብሎ አስቸጋሪ የተደረገ ነው። ሮልፍም በ2022 «ኤ ሙቪ ሜኪንግ ነርድ» የተባለ የሕይወት ታሪኩን አሳትሟል። ርእሱ በጌም ሳይሆን በፊልም ሥራ ላይ ማተኮሩ ልብ ይሏል።

ሮልፍ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጻፉንም መተወኑንም አርትዖቱንም በአብዛኛው ራሱ ያከናውን ነበር። ኋላ ላይ ሥራው በቡድን የሚሠራ ሲሆን ቀልዱ የቀድሞውን ጣዕም አጣ የሚሉ የቆዩ ተመልካቾች አሉ።

ከዚህ የሚከብደው ትችት ሌላ ነው። ነርዱ የሚያጋንነው ለማሳቅ ነው፤ ቪዲዮው ግን ከጌሙ ይልቅ በብዙ ሰው ስለታየ፣ ጌሙን ነክተው የማያውቁ ሰዎች ፍርዱን እንደ ራሳቸው ይደግሙታል። ሳይመንስ ኩዌስት በዚህ ከተጎዱት መካከል ይቆጠራል። ዘፈኖቹ እስከ ዛሬ የሚወደዱ፣ ተጫዋቹ በፈለገው አቅጣጫ እንዲዘዋወር የሚፈቅድ፣ ለዘመኑ ደፋር የሆነ ጌም ነው። የሚወዱት ሰዎች የመንደርተኞቹን ንግግር ከጃፓንኛው እንደገና ተርጉመው፣ ቀንና ሌሊት ሲለዋወጡ የሚወጣውን ጽሑፍም አፍጥነው የተስተካከሉ ቅጂዎችን ሠርተዋል።