ድምፁ ቀድሞት የደረሰው ተዋናይ

በልጅነቴ ማክሰኝት ላይ ቴአትር የሚባል ነገር አይተን አናውቅም። ፍቃዱ ተክለማርያምን ግን እናውቀው ነበር፤ በመልኩ ሳይሆን በድምፁ። ትረካ ባለበት ቀን እማየ የሬዲዮኑን ድንጋይ ከጠዋት ጀምራ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ታሰጣዋለች፤ ነገሩ ሲጥም ደክሞ እንዳይከዳን። ቡናው ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ያ ጎርናና ድምፅ ከኢትዮጵያ ሬዲዮ ይመጣል። ያኔ ስኒ የሚያንኳኳ ሰው በዓይን ይገሠጻል።

ፍቃዱ በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በሩን የከፈተውም በዚያው ዓመት ነው። አድጎ መድረኩን ሲይዝ ከባድ ከባዱን ገጸ ባሕርይ ተሸከመ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ሐምሌትን ተጫወተ፤ ፊልምም ሠራ። እኔን እንደ ጎንደሬ የሚነካኝ ግን ቴዎድሮስን መሆኑ ነው። ቋራ ተወልደው፣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ዘውድ ጭነው፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን የጠጡትን ንጉሥ የአዲስ አበባ ልጅ ነፍስ ዘራባቸው።

መድረክ ላይ ተዋናይን እጁም፣ ትከሻውም፣ ካባውም ያግዙታል። ማይክሮፎን ፊት ግን ያለው ጉሮሮውና ትንፋሹ ብቻ ነው። ባላባቱንም፣ ጭሰኛውንም፣ ኮረዳዋንም በአንድ አንደበት ለይቶ ማቆም አለበት፤ «አለ» እና «አለች» የሚለውን ሳይጠብቅ ሰሚው ማን እንደተናገረ ማወቅ አለበት። ጣሊያኖች ለውጭ ፊልሞች ድምፅ በማዋስ ስመ ጥር የሆኑ ተዋንያን አሏቸው፤ የእኛ አገር ድምፀ መልካሞች የታወቁት መጽሐፍ በመተረክ ነው። ፈር ቀዳጁ ወጋየሁ ንጋቱ ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የመጽሐፉን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳን ግን ብዙ ሰው ገጽ ሳይገልጥ በወጋየሁ አንደበት ተዋወቀው። «ከመጻሕፍት ዓለም» የተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ፊደል ላልቆጠረችው እናቴ ቤተ መጻሕፍቷ ነበር።

ፍቃዱ በዚህ መንገድ ሲመጣ የራሱን አካሄድ ይዞ ነው። የአበራ ለማን «ሞገደኛው ነውጤ» ሲተርክ የሰማ አይረሳውም። ለእኔ ከድምፁ ይልቅ የሚበልጥብኝ ዝምታው ነው። ዐረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይቆያል፤ እኛ ቤት ውስጥ ያለነው ሁሉ አብረነው ትንፋሻችንን እንይዛለን። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ተራ ቃል ቢሆን እንኳ ተራ ሆኖ አይወርድም።

በመጨረሻ የኩላሊት ሕመም ጣለው። ሕዝቡ ለሕክምናው ገንዘብ አዋጣ፤ አልሆነም። ሐምሌ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ዐረፈ።

በዚያ ሰሞን ማክሰኝት እማየን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ቴሌቪዥኑ ፎቶግራፉን ሲያሳይ ትክ ብላ አየችውና «ይሄ ማነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ግራ እንደተጋባች ቆየች። ቀጥሎ ከድሮ ሥራው ጥቂት ሲያሰሙ ዓይኗን ጨፈነች፤ የያዘችውን ስኒ ረከቦቱ ላይ ቀስ ብላ፣ ሳታንኳኳ አስቀመጠች።

«አወቅሁት» አለች።