ልብ ሲመታ ድምፁ የማን ነው?

ጆሮውን ከሰው ደረት ላይ ያስጠጋ ሁለት ድምፅ ይሰማል፤ ጥቂት ያርፍና እንደገና ሁለት። ልብ አራት ክፍልና አራት ቫልቭ እንዳለው፣ ቫልቮቹም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ እንደሚያግዱ ሳይንስ የተማረ ሁሉ ያውቃል። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ስጠይቅ ግን ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ «ጡንቻው ሲኮማተር ነዋ!» ይሉኛል።

አይደለም። ዋናው ድምፅ የሚወለደው ቫልቭ ሲዘጋ ነው፤ ያውም የቫልቩ ስስ ክንፎች ስለተጋጩ ብቻ አይደለም። በኃይል የሚወርድ የቧንቧ ውሃ በድንገት ሲዘጋ ቱቦው ግድግዳ ውስጥ ያንኳኳል። ደምም እንዲሁ ነው፤ ሲሮጥ ቆይቶ የተዘጋ ቫልቭ ሲገታው፣ ደሙም ቫልቩም የልቡም ግድግዳ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። የምንሰማው ያንን ነው።

የመጀመሪያው ድምፅ በላይኛውና በታችኛው ክፍሎች መካከል ያሉት ሁለት ቫልቮች ሲዘጉ የሚሰማው ነው፤ ወፈርና ረዘም ይላል። ሁለተኛው ቀጠንና አጠር ያለ ሲሆን፣ የአኦርታና ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ቫልቮች ሲዘጉ ይመጣል። ልብ ፈጥኖ የትኛው የትኛው እንደሆነ ቢያደናግር አንገት ላይ ያለውን ደም ቅዳ በጣት መንካት ነው፤ ከትርታው ጋር የሚገጥመው የመጀመሪያው ነው።

በ1816 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ስቴቶስኮፕን የፈለሰፈው ላኤኔክ እንኳ ሁለተኛውን ድምፅ ለላይኞቹ ክፍሎች መኮማተር ሰጥቶት ነበር። ሩዋኔ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በ1832 ድምፆቹ የቫልቮች መሆናቸውን አስረዳ።

እኔ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ሁለተኛ ድምፅ ነው። ማዳመጫውን ከደረት አጥንት በስተግራ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው የጎድን አጥንት መካከል አድርጋችሁ አንድ ጤነኛ ወጣት በቀስታ አየር እንዲስብ ጠይቁት። ድምፁ ለሁለት ይሰነጠቃል! አየር ሲሳብ ወደ ልብ ቀኝ ጎን የሚመጣው ደም ይበዛል፤ ቀኙ ክፍል ያን ሁሉ ገፍቶ እስኪጨርስ የሳንባው ቫልቭ ከአኦርታው ዘግይቶ ይዘጋል። ሲያስወጣ ሁለቱ ተመልሰው ይገጥማሉ። ስንጥቁ ከትንፋሽ ጋር ሳይለዋወጥ ሰፍቶ ከቀረ ግን በሁለቱ የላይኛ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ሊኖር ይችላል። ይህን ሁሉ ጆሮ ብቻውን ይጠቁማል።

እንግዲህ በሹራብ ላይ ማዳመጫ ጣል አድርገው «ደህና ነህ» የሚሉ ባልደረቦቼን እወቅሳለሁ። ጨርቁ ሲፋተግ የሚያሰማው ድምፅ ስንጥቁንም፣ ጠቦ ወይም ላልቶ በቀረ ቫልቭ በኩል ደም ሲያልፍ የሚወጣውን ሹሽታም ይሸፍናል። ሹሽታ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ በጤነኛ ልጆችም ይሰማል። በአገራችን ግን በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን የሚያስከትለው የሩማቲክ ልብ ሕመም የብዙ ወጣቶችን ቫልቭ ስላበላሸ፣ ሹሽታን ሰምቶ ዝም ማለት አይገባም። ወላጆችም ልጅ ጉሮሮውን ሲታመም እንጥል ቆራጭ ዘንድ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሐኪም «ሸሚዝዎን ያውልቁ፣ በቀስታ ይተንፍሱ» ቢልዎ ጊዜ አባከነ አይበሉ፤ የቫልቮችዎን አዘጋግ እየመረመረ ነው።